አራተኛው መጋጠሚያ

ሰውየው የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ፣ ከቡናው ቴርሞስ አጠገብ ሲያስቀምጠው ሜትሬ በያዘችው ትሪ ላይ የነበሩት ስኒዎች እርስ በርስ ተንኳኩ። ማንም ልብ አላለም። አባቷ የተቀበረው ገና ዛሬ ነው፤ የሐዘንተኛ እጅ ቢንቀጠቀጥ ማን ይገረማል።

«አይሆንም እንዳትሉኝ» አለ ሰውየው። ከተራራው ማዶ፣ ሐይቅ ዳር፣ የእንግዳ ማረፊያ አለው፤ አባቷን የመጨረሻውን ሥራ ያሠራው ደንበኛ እሱ ነው። «ከነገ ወዲያ መኪናዋ እናታቸውንና ሽማግሌዎቹን እስከ ቤታቸው ታድርስ። እኔ ከዚያ በኋላ እረከባታለሁ። የእጃቸው ሥራ አይደለች? መጀመሪያ የወለዷቸው ይቀመጡባት።»

በተውሶ ወንበር የተሞላው ሳሎን በምስጋና አጉረመረመ። አክስቷ የሻሿን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች። ታላቅ ወንድሟ ተነስቶ የሰውየውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ጥግ ላይ ትራስ ተደግፈው የተቀመጡት አያቷ ብቻ ነገሩን በዋዛ አላለፉትም።

«ደረጃ አላት?» አሉ። «እኔ እግሬን ከጉልበቴ በላይ ካነሳሁ ቆይቻለሁ።»

«አላት እማማ። ልጅዎ በእርስዎ ልክ ነው የሠሯት።»

ሰው ሁሉ ለቅሶ ቤት የሚፈቅደውን ያህል ሳቀ። ሜትሬ ትሪውን ይዛ ወደ ማድ ቤት ገባች። የሚሄዱትን በሐሳቧ ቆጠረች፦ አያቷ፣ የአያቷ ሁለት እህቶች፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ መሪው ላይ ወንድሟ። ሰባት ሰው። ወደ ሽማግሌዎቹ አገር የሚወስደው የተራራው መንገድ ሲወረድ አርባ ሁለት ጠመዝማዛ አለው፤ ከጠመዝማዛዎቹ የሚበዙት በአንድ ወገናቸው ገደል ናቸው። ስኒዎቹን ገንዳው ውስጥ አስቀመጠችና ውሃውን ከፈተች።

ሜትሬ የክርስትና ስሟ አይደለም። ሰባት ዓመት ሲሞላት አባቷ የሜትሩን ጫፍ አስይዞ ከመኪና ሥር ባስገባት ቀን ያወጣላት ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተመርቃ ስትመለስም «እንኳን ደስ አለሽ ሜትሬ፣ በይ ያንን ጫፍ ያዢልኝ» ነበር ያላት። ያዘችለት። ሰው ፊት መናገር የሚከብዳት ልጅ ስለሆነች ጋራዡ ተመችቷታል፤ ሜትር ብዙ ንግግር አይፈልግም።

አባቷ በያጅ ነበር። በርና አጥር አልነበረም የሚበይደው። ሥራው ከአሮጌዋ ሬንጅ ሮቨር ጋር ነበር፤ ያቺን ባለ ማዕዘን፣ ግንባረ ሰፊ መኪና ቆርጦ እንደገና ሌላ አድርጎ መግጠም። ሌሎች መኪኖች ወይ ጌታ ናቸው ወይ ሎሌ፣ ይቺ ግን ሁለቱንም ናት ይል ነበር። መጀመሪያ ስትወጣ ሁለት በር ብቻ እንደነበራት፣ ወለሏ ምንጣፍ እንዳልነበረው፣ ጭቃ ሲገባባት በጎማ ውሃ እንደምትታጠብ ለመጣ ለሄደው ይተርካል። «ጠዋት በግ ጭነህ፣ አጥበህ፣ ከሰዓት ሚኒስትር ትጭናለህ» ይላል። ከዚያ አራት በር መጣ፣ ምንጣፍ መጣ፣ እንጨትና ቆዳ መጣ። እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ ፊቱ ይከፋል፤ ሀብታም ገባባትና ጭቃውን አስረሳት ባይ ነው። በኋላ ፋብሪካው ራሱ ሃያ ሳንቲ ሜትር አስረዝሞ ለኋላ ተቀማጭ እግር መዘርጊያ ሰጣት። ያንን ግን ይቅር ብሏል፤ ማስረዘም የእሱም እንጀራ ነው።

የጋራዡ ግድግዳ ላይ ከመጽሔት የተቆረጡ ፎቶዎች ነበሩ። ስድስት ጎማ ተገጥሞላት የአውሮፕላን ማረፊያ እሳት አጥፊ የሆነችው። ጣሪያዋ ተነስቶ መሪዎች ቆመው እጃቸውን የሚያውለበልቡባት። ወገቧ ተስቦ አምቡላንስ የሆነችው። አባቷ እነዚህን የቤተሰብ አልበም አድርጎ ነበር ለእንግዳ የሚያሳየው፦ ይቺ ታላቅየዋ ናት፣ ይቺ ነርሷ፣ ይቺ ባርኔጣዋን ነፋስ የወሰደባት። ራሱም ለዚህ ዘመድ ልጆች ጨምሮለታል። ለእንስሳት ሐኪም መድኃኒትና ገመድ በጎኗ የሚሰቀልባት፣ እግሯ ለማይታዘዝ ዳኛ ወንበሯ ወደ ውጭ ዞሮ ዝቅ የሚልላት። የመጨረሻዋ ልጅ ይቺ ሰውየው ያዘዛት ነበረች፤ ስልሳ ሳንቲ ሜትር የረዘመች፣ ስድስት በር ያላት፣ ሦስት ረድፍ ሰው ተመችቶት የሚቀመጥባት።

ለማስረዘም ሻንሲው ይቆረጣል። ሻንሲ ማለት ከሥር ያለው፣ ሁሉን ተሸካሚው ብረት ነው። በግራም በቀኝም ተቆርጦ መሐሉ ላይ አዲስ ብረት ይገባል፤ ይህ አራት መጋጠሚያ ይሰጣል። አባቷ እያንዳንዱን መጋጠሚያ መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ አስይዞ ያሳድረዋል። በነጋታው ሜትሬ ትለካለች፤ ልኩ ካልተነቃነቀ ዙሪያውን ሞልቶ ይበይደዋል። የውስጠኛው ፊት ከካምቢዮው ጎን ጠባብ ቦታ ላይ ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ ትንሽ መስታወት አስገብቶ፣ እጁን በመስታወቱ ውስጥ እያየ ነበር የሚበይደው። እጅ በመስታወት ውስጥ ተገልብጦ ስለሚሄድ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እሱ አይሳሳትም። ሲጨርስ እንደገና ያያል፣ በመዶሻ መትቶ ያዳምጣል፣ በመጨረሻም በቀጭን ብሩሽ ጥቁር ይቀባዋል። ጋራዡ ውስጥ ጥቁር ማለት «አይቼዋለሁ» ማለት ነው። ወለል የሚዘጋው፣ ምንጣፍ የሚያነጥፈው፣ ውጩን የሚቀባው ሁሉ ጥቁሩን አይቶ ሥራውን ይቀጥላል፤ ጠይቆ አያውቅም። ያንን ብሩሽ ከእሱ በቀር የሚነካ አልነበረም።

አራተኛው መጋጠሚያ ላይ ያለውን ጥቁር የቀባችው ግን ሜትሬ ናት።

በማግስቱ ቀን ቀለም ቀቢው ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ወለል እየዘጋና እየቀባ ከአባቷ ጋር ሠላሳ ዓመት የሠራ፣ ጥፍሩ ሥር የሁሉም መኪና ቀለም የቀረ ሽማግሌ ነው፤ ሰፈሩ ጋሽ ቀለም ይለዋል። ከወንዶቹ መሐል ተቀምጦ ሰው ስለ ሟች የሚያወራውን ሁሉ አወራ። በሠላሳ ዓመት አንድ መጋጠሚያ ሲከፈትበት አላየሁም አለ፤ ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሜትሬ ቡና ልታቀርብለት ስትሄድ ከወንበሩ ጎን ቁጢጥ አለች።

«ጋሽዬ፣ የረጅሟን ወለል ስትዘጋ ውስጡን አይተኸው ነበር?»

«ምኑን?»

«የግራውን። የኋለኛውን መጋጠሚያ።»

ሽማግሌው ስኒውን ከአፉ አወረደ። «ጥቁር ነበር እኮ።»

«ጥቁር ነበር» አለች።

«ታዲያ ጥቁር ከሆነ ምን አያለሁ? አባትሽን ልመረምር?» ፈገግ አለ፤ ከዚያ ዓይኗን አይቶ ፈገግታውን ተወው። «ምነው ሜትሬ? እንቅልፍ አጥተሻል መሰል።»

ጥቁሩን ማን ቀባው መሰለህ ልትለው አፏን ከፈተች። ዙሪያዋን የነበሩት ወንዶች እያዩዋት ነበር። ፊቷ ጋለ። «ቡናው እንዳይቀዘቅዝብህ» ብላ ተነሳች።

መኪናዋ በሩ ላይ ቆማለች። ሜትሬ ጥላ ፈልጋ እንደወጣች ሰው ሁለት ጊዜ ወደ እሷ ሄደች፤ ሁለቱንም ጊዜ ለቀስተኛ ከቧት፣ ጎኗን እየዳበሰ፣ በሮቿን እየቆጠረ አገኘችው። በጥቁር ቀሚስ መኪና ሥር ብትተኛ ምን ይሏታል? ይህ ግን ለራሷ የሰጠችው ምክንያት ነው። እውነተኛው ፍርሃት ሌላ ነበር። ካላየችው ምናልባት ያለቀ ነው። ካየችው ግን አባቷን በሞት አልጋው ላይ ምን እንዳለችው ታውቃለች።

አባቷ የታመመው አራተኛውን መጋጠሚያ በጀመረ ሳምንት ነው። ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ተኛ። በስምንተኛው ቀን ቀለም ቀቢው ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ነበር፣ ወንድሟም አባዬ ስለዚህች መኪና ሲጨነቅ ልቡ ይደክማል፣ ጨርሱለትና ይረፍ እያለ ይወተውታታል። አባቷን ጠየቀችው፤ አራተኛው አልቋል? አየር የሚስብበትን ጭንብል በጣቱ ገፋ አድርጎ፣ ያለቀ መሰለኝ፣ አንቺ ግን መስታወት አስገብተሽ እይው አላት። መሰለኝ ብሎ አያውቅም ነበር። ያ ቃል ያን ጊዜ ሊያስደነግጣት ይገባ ነበር።

ጋራዡ ስትደርስ የሆስፒታሉ መጠየቂያ ሰዓት ሊያልቅ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ከውጭ በኩል ብየዳው ሙሉ ነው፤ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ያምራል። መስታወቱን ከሚሰቀልበት አጣችው፤ ከመሣሪያ ሳጥኑም አጣችው። ስልኳን አብርታ አጎንብሳ ብታይ የካምቢዮው ሆድና ከኋላው ጨለማ ነው። እንዲህ አድርጎ ጀምሮ ውስጡን አይተውም አለች ለራሷ። ብሩሹን አነሳች። እጇ ላይ እንዴት እንደቀለላት እስከ ዛሬ ታስታውሳለች።

«መስታወት አስገባሽ?» አላት አባቷ፣ ልክ ሆስፒታል ተመልሳ ስትገባ።

«አስገባሁ።»

«እና?»

«ሙሉ ነው አባዬ። አልቋል።»

ዓይኑን ጨፈነ። «እንግዲያ ተገላገልኩ» አለ።

በሦስተኛው ቀን ሞተ።

የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ሊመሽ ሲል ወንድሟን ኮሪደር ላይ ያዘችው። ባንክ ነው የሚሠራው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ብረት ነክቶ አያውቅም፣ አባታቸውም አስገድዶት አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ለምን በአውቶቡስ አይሄዱም ብላ ጠየቀችው። አያታችንን በአውቶቡስ? አለ። መኪናዋ ገና አልተፈተነችም አለችው። ሰውየው ራሱ ከጋራዡ እስከዚህ ነድቷት መጥቷል፣ ቅቤ ነች ብሏል አላት።

«ባዶዋን ነዋ የነዳት» አለች።

ወንድሟ ዞሮ ተመለከታት። ዓይኑ ሥር አብጧል። «ስሚ፣ ገብቶኛል። ከእጅሽ እንድትወጣ አልፈለግሽም። እኔም አልፈለግኩም። ግን አባዬ ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ነገር ያድርግላቸው። ይህን አትከልክይው።»

ትከሻዋን ጨብጦ አለፈ። እሷ ኮሪደሩ ላይ እጇን አጣምራ ቀረች። ከሳሎኑ የሴቶቹ ሹክሹክታ ይሰማታል፤ አንዷ ልጅቷ አላለቀሰችም እኮ ትላለች፣ ሌላዋ ድንጋጤ ነው ትላታለች። እውነት ነበር፤ አላለቀሰችም። ፈርታ ማልቀስ አልቻለችም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፀሐይዋ የረጅሟ መኪና ጣሪያ ላይ አርፋለች። ሰፈሩ በሙሉ ሊሸኝ ወጥቷል። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ከፊታቸው አስገብተው ከኋላ ተሰየሙ፤ አንደኛው መቀመጫውን በመዳፉ እየጠፈጠፈ፣ ይህን የመሰለ አልጋ እቤቴ የለም አለ። የአያቷ እህቶች ገቡ። አያቷ በመጨረሻ ደረጃዋን በዓይናቸው መርምረው፣ በወንድሟ ክንድ ተደግፈው ወጡ፣ በግራ በኩል መሐለኛው በር አጠገብ ተቀመጡ። ሜትሬ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ አራተኛው መጋጠሚያ ከእግራቸው ሥር ነው።

ወንድሟ በሩን ገፋው። በሩ አልገጥም አለ።

እንደገና ገፋው። የበሩ የላይኛው ጠርዝ ከአጠገቡ በር ጋር ተነካክቶ ተመለሰ። «አዲስ ስለሆነ ነው» ብሎ ከፍ አድርጎ በትከሻው ገፋውና ዘጋው፤ ሰውም አጨበጨበ።

ሜትሬ አላጨበጨበችም። በበሮቹ መሐል ያለውን ክፍተት ራሷ ናት የለካችው፤ ከላይ እስከ ታች አራት ሚሊ ሜትር። አሁን ከታች አራት ነው፣ ከላይ ግን ወረቀት አያሳልፍም። ሰው ሲጫንባት የመኪናዋ ወገብ ጎብጧል ማለት ነው። በደንብ የተበየደ ወገብ አይጎብጥም።

ወንድሟ መሪው ላይ ተቀምጦ ቁልፉን ሲያስገባ አየችው። እግሯ ቀድሟት ሄደ። ከመኪናዋ ፊት ቆማ ሁለት እጇን ኮፋኖው ላይ አስቀመጠች።

«እንዳታስነሳ» አለች።

ወንድሟ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «ምንድን ነው?»

«ሞተሩን እንዳታስነሳው። ማንም እንዳይንቀሳቀስ።» ድምፏ ቀጭን ነበር፤ ግን ሰፈሩ ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማት። «አራተኛውን ጥቁር የቀባሁት እኔ ነኝ። ውስጡን አላየሁትም።»

ከተሰበሰበው ሰው ይህ ነገር የገባው አንድ ብቻ ነበር። ጋሽ ቀለም ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ጣለና ወደ ጎማው ሮጠ፤ ሁለት ድንጋይ አንስቶ ከፊትና ከኋላ ሸጎጠ። ሜትሬ ወደ አክስቷ ዞራ መስታወት አለሽ አለቻት። አክስቷ ምንም ሳትጠይቅ ከቦርሳዋ ክብ የፊት መስታወት አወጣች። ሜትሬ በጥቁር ቀሚሷ አስፋልቱ ላይ ተኛች፣ በጀርባዋ እየተንፏቀቀች ገባች። ሰዎቹ ሁሉ እግር ብቻ ሆኑ።

ስልኳን አበራች። መስታወቱን በካምቢዮውና በሻንሲው መሐል አሾለከች፤ መስታወቱ መጀመሪያ ያሳያት የራሷን ዓይን ነው። አስተካከለችው።

አራት ነጥብ ብቻ ነበር። በነጥቦቹ መሐል ቀጭን ጥቁር መስመር ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። የታችኛው ነጥብ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ብረቱ ያልዛገ ነጭ ሆኖ ያበራል። ዛሬ የተሰነጠቀ ነው። ከላይ አንድ ሰው መቀመጫውን ሲያስተካክል መስመሩ ሲሰፋ፣ ትንፋሽ ሲስብ አየችው።

«ጋሽዬ» አለች። «አልሞላውም።»

የሽማግሌው ፊት በጎማው ጎን ተጎንብሶ ታየ። ሁለቱ ተያዩ። «ክሪክ ላምጣ» አለ ከንፈሩ ደርቆ።

«መጀመሪያ ሰው ይውረድ። አንድ በአንድ። በቀኝ በኩል፣ ቀስ ብለው።»

ወንድሟ ወረደ። በሮች ሲከፈቱ፣ ከዘራ አስፋልት ሲነካ ሰማች። አንድ ሽማግሌ። ሌላ። የአያቷ እህቶች እርስ በርስ እየተደጋገፉ ወረዱ። ከዚያ መውረዱ ቆመ።

«እማማ፣ ይውረዱ» አለ ወንድሟ ከውጭ።

«ከሥሬ ያለችው ማን ናት?» አሉ አያቷ። ድምፃቸው በወለሉ በኩል ቅርብ ሆኖ መጣ።

«እኔ ነኝ እማማ።»

«አንቺ ሳትወጪ አልንቀሳቀስም።»

«እርስዎ ሲወርዱ እወጣለሁ።»

«ልጄ ያልጨረሰው ነገር አለ ነው የምትይኝ?»

ሜትሬ መስታወቱን ደረቷ ላይ አስቀመጠች። «አልጨረሰውም። ሲጠይቀኝ አልቋል ያልኩት እኔ ነኝ። ሳላይ ነው ያልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ተገላገልኩ አለ።»

ከመኪናዋ ውጭ የቆሙት እግሮች አልተነቃነቁም። ሜትሬ ወለሉን እያየች ጠበቀች፤ አሁን ከመኪናዋ ይልቅ የፈራችው የሚመጣውን ቃል ነበር።

«እንግዲህ ተገላግሎ ነው የሄደው» አሉ አያቷ በመጨረሻ፤ ቃሉ ቁጣ ይሁን ምሕረት አልለየችውም። ከዚያ ልብሳቸው መቀመጫው ላይ ሲንሸራተት ሰማች። አንዱ እግራቸው ደረጃዋን ፈልጎ፣ አጥቶ፣ አገኘው።

ያን ጊዜ ነው ሜትሬ እጇን በጠባቡ ቦታ አስገብታ መዳፏን መጋጠሚያው ላይ የለጠፈችው። መዳፍ ሻንሲ እንደማይዝ ከማንም በላይ ታውቃለች። ቢሆንም ክንዷ እስኪርድ ወደ ላይ ገፋች። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ አባቷ ያስቀመጣቸው አራት ነጥቦች አንድ በአንድ ቆዳዋ ውስጥ ገቡ። አያቷ ሁለተኛውን እግራቸውን አወረዱ። መኪናዋ ቀስ ብላ ከፍ አለች፣ ስንጥቁ ከመዳፏ ሥር ጠበበ።

«ወርደዋል» አለ ወንድሟ ጎንበስ ብሎ። «ውጪ አሁን። ሜትሬ፣ ማንም የለባትም።»

ሰምታዋለች። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል፤ ሊጠርገው የሚችለውን እጇን ግን ከመጋጠሚያው አላነሳችውም።